ናሙናው ተበላሽቶ ይሆን?

አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ሴሌን 200 ናኖሜትር ድረስ ሳቀጥነው አረንጓዴው ቀለም ጠፋ፣ ናሙናው ተበላሽቶ ይሆን? ልጣለው?» ብላ ጻፈችልኝ። ኧረ እንዳትጥዪው! (ሴል የምትለው በሁለት መስታወቶች መካከል ሊኩዊድ ክሪስታል የሚሞላበትን ቀጭን ክፍተት ነው።)

ሊኩዊድ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን ሥርዓት የሚይዙ ነገር ነው። ካይራል በሚባለው ዓይነት ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞሩ ይደረደራሉ። አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ከሆነ አንዱ ሙሉ ዙር 350 ናኖሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ እንዲደምቅ ደግሞ ብዙ ዙር መደራረብ አለበት። 200 ላይ አንድም አይሞላ፣ ታዲያ ቀለሙ ከየት ይምጣ?

ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በወጣትነቴ የምንሠራው በሽብልቅ ሴል ነበር፤ በአንድ ጫፍ የተጠጋጉ፣ በሌላው የተራራቁ ሁለት መስታወቶች። መስታወቶቹ የነኳቸውን ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ አስተኝተው ስለሚይዙ መሃል ላይ የሚገባው ግማሽ ዙር በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ እና ክፍተቱ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ግማሽ ዙር በድንገት ይጨመርና እዚያው ጥርት ያለ መስመር በማይክሮስኮፕ ይታያል። የግራንዣን እና ካኖ መስመሮች ይባላሉ። ሲያምሩ! ምሳዬን እየረሳሁ አያቸው ነበር። አንድ ቀን መስመሮቹ ካለቁበት ወዲያ፣ ቀጭኑ ጫፍ ላይ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ያለ፣ ሰልፍ ሊይዝ የፈለገ የሚመስል ነገር አየሁ። አለቃችን አየት አደረጉና «ሙጫ ነው፣ ጫፉን ቆርጠህ ፎቶውን አስገባ» አሉ። ተቆረጠ። ሴሉም ታጥቦ ለሌላ ሥራ ዋለ። ሙጫም ሊሆን ይችላል እኮ። አሁን ማን ያውቃል? የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ጁን-ኢቺ ፉኩዳ እና ስሎቦዳን ዡመር እንዲህ በቀጠነ ክፍተት ውስጥ ስካይርሚዮን የሚባሉ ጥቃቅን አዙሪቶች በሥርዓት ሊደረደሩ እንደሚችሉ በስሌት አሳዩ። በ2017 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ግማሽ ስካይርሚዮኖችን በማይክሮስኮፕ አዩ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሞለኪውሎቹ መጠምዘዝ ይፈልጋሉ፣ ግድግዳዎቹ አናስነካም ይላሉ፣ ቦታው ጠባብ ነው። ስለዚህ ሰፊ ቦታ ላይ የማታገኙት አደራደር ይወለዳል። የትልቁ ትንሽ ግልባጭ አይደለም።

የዛሬ ልጆች መስታወት ሳትነኩ በሲሙሌሽን ብቻ ትመረቃላችሁ ብዬ ሁሌ አማርራለሁ። እርግጥ አሁን እንደነገርኳችሁ ቀድሞ ያየው ስሌቱ ነው። ቢሆንም አማርራለሁ።

ሊኩዊድ ክሪስታልን መጀመሪያ ያስተዋለው የዕፅዋት ተመራማሪ ራይኒትዘርም በ1888 እ.ኤ.አ. አንዱ ውህድ 145.5 ዲግሪ ላይ ቀልጦ ደፍርሶ፣ 178.5 ላይ ጥርት ሲልበት «ቆሻሻ ገብቶበት ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ለፊዚክስ ሊቁ ሌማን ጻፈለት እንጂ።

አንቺ ልጅ፣ ቀጣዩን ሴል ከመሙላትሽ በፊት ውፍረቱን ባዶውን ለኪ፤ ከሞላሽው በኋላ ይከብዳል። ስታቀዘቅዢም በዲግሪ አንድ አሥረኛ እያልሽ ውረጂ፤ ብሉ ፌዝ የሚባለው፣ ጠመዝማዛው በአንድ ሳይሆን በብዙ አቅጣጫ የሚሄድበት ሁኔታ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆየው አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፣ ከቸኮልሽ ያልፍሻል። ጫፉንም ፎቶ አንሺው፣ ሙጫ ቢመስልም።