ከሮም ፍራንክፈርት ለመላክ 18 ዩሮ ለምን ይቆረጣል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ አምዳችሁን የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ። ሦስት ልጆቼ አውሮፓ ናቸው። ትልቁ ፍራንክፈርት፣ ተከታይዋ ሮም፣ ትንሿ ስቶክሆልም። ሁለቱ ሴቶች በየወሩ ለወንድማቸው ይልኩለታል፤ እሱ የራሱን ይጨምርበትና አንድ ላይ አድርጎ ለእኔ ይልካል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቴን የምገዛው ከዚያ ላይ ነው፣ የተረፈው ለቤት ይሆናል። የሮሟ 200 ዩሮ ስትልክ ወንድሟ ጋ የሚደርሰው 182 ነው። የስቶክሆልሟም ከላከችው ላይ 12 ዩሮ ይጎድላል። እዚያው አውሮፓ ውስጥ፣ ገንዘቡ ያው ዩሮ ሆኖ፣ ምኑ ነው የሚቆረጠው? የሮሟን ስጠይቃት «እማዬ ተይው፣ ወደ ውጭ አገር ስለሆነ ነው ብለውኛል» አለችኝ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስትጠብቅ አድራ የምታገኘው ገንዘብ ነው። ለየብቻ በቀጥታ ለእኔ ቢልኩልኝ ይሻል ይሆን? ለንደን ያለች የእህቴ ልጅም ልጨምር ብላለች፣ እሷስ? ልጄ የላከችልኝን ደረሰኝ አያይዤልሃለሁ።

መልስ

እናቴ፣ ተይው ሲሉዎት አለመተውዎ ልክ ነው። ከሁለቱ የሚቆረጠው በወር 30 ዩሮ ነው፣ በዓመት 360። ይሄ የመድኃኒት ገንዘብ ነው።

«ወደ ውጭ አገር ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያት ድሮ ያስኬድ ነበር። አሁን አያስኬድም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ከአንድ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው በዩሮ የሚላክ ገንዘብ እዚያው አገር ውስጥ ከሚላከው የበለጠ ሊያስከፍል አይችልም። ሕጉ በባንክ ለሚተላለፍ ገንዘብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ መጀመሪያ እስከ 12,500 ዩሮ ድረስ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ጣሪያው ወደ 50,000 ከፍ አለ፣ ዛሬ ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ልጅዎ ሚላኖ ላለች ጓደኛዋ ስትልክ የምትከፍለውን ያህል ነው ፍራንክፈርት ላለው ወንድሟም መክፈል ያለባት።

ደረሰኙን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አናቱ ላይ «ቦኒፊኮ ኤስቴሮ» ይላል፣ የውጭ አገር ሐዋላ እንደማለት ነው። ከታች የወንድሟ አይባን (አገሩንና ባንኩን ጭምር የሚያሳየው ረጅሙ የሒሳብ ቁጥር) መኖር በነበረበት ቦታ አጠር ያለ የሒሳብ ቁጥርና የባንኩ ስዊፍት ኮድ (የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ) ብቻ ተጽፏል። አይባን ካልተሰጠው ደግሞ ባንኩ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ ራሱ ይፈቅድለታል። ልጅቷ አላጠፋችም፣ መስኮቱ ላይ የሰጧትን ቅጽ ነው የሞላችው። ግን ያ ቅጽ ገንዘቧን ወደ ኒውዮርክ ወይ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድበት መንገድ ነው የላከው።

ሌላም ምልክት አለ። 200 ተልኮ 182 ነው የደረሰው ብለውኛል። ሴፓ በሚባለው የአውሮፓ የዩሮ መላኪያ (እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተጀመረው) የተላከ ገንዘብ መንገድ ላይ አይሸረፍም። ላኪው 200 ካለ 200 ነው የሚደርሰው፣ ክፍያ ካለም ለብቻው ከላኪው ሒሳብ ላይ ይነሳል። ተጎድሎ ከደረሰ በሌላ መንገድ ሄዷል ብለው ይጠርጥሩ።

ስለዚህ ለሮሟ እንዲህ ብለው ይንገሯት። የወንድሟን አይባን ትቀበለው፤ የጀርመን አይባን «ዲኢ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምርና 20 አሃዝ ይከተላል፣ በድምሩ 22። ከዚያ «ቦኒፊኮ ሴፓ» ትበል። ከቻለች በስልኳ ትላክ እንጂ መስኮት ጋ አትሂድ። ሕጉ እኩል አስከፍሉ አለ እንጂ በነጻ ላኩ አላለም። ጣሊያን ውስጥ መስኮት ላይ ለሚላክ ብዙ ዩሮ የሚያስከፍል ባንክ ለፍራንክፈርትም ያንኑ ቢያስከፍል ሕግ አልጣሰም። በስልክ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ በጣም ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ክፍያ የለውም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 9 ቀን 2025 ጀምሮ የዩሮ አገር ባንኮች በ10 ሰከንድ የሚደርስ መላኪያ እንዲያቀርቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፣ ለእሱም ከተራው በላይ ማስከፈል አይችሉም። ከመላኳ በፊት ስሙና አይባኑ መግጠማቸውን ባንኩ ያረጋግጥላታል፣ ያውም በነጻ።

አይባኑን ሰጥታም ከአገር ውስጡ አስበልጠው ከቆረጡባት በጽሑፍ ታመልክት። በቃል አይሆንም። ባንኩ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ካልሆነ ጣሊያን ውስጥ የባንክና የደንበኛ ክርክር የሚያይ የግልግል አካል አለ። ማመልከቻው 20 ዩሮ ነው፣ ከፈረዱላት ይመለስላታል።

የስቶክሆልሟ ነገር ትንሽ ይለያል። ስዊድን ኅብረቱ ውስጥ ናት፣ ገንዘቧ ግን ክሮና ነው። ዩሮ ወደ ጀርመን ስትልክ የመላኪያው ክፍያ እዚያው ስዊድን ውስጥ ክሮና ከምትልክበት መብለጥ የለበትም። ክሮናው ወደ ዩሮ ሲመነዘር ግን ባንኩ በምንዛሪው ላይ ያተርፋል። በስልክ ስትልክ የምንዛሪውን ወጪ አስቀድሞ ሊያሳያት ይገባል፣ እሺ ከማለቷ በፊት ትየው። ከ12 ዩሮው የትኛው ምንዛሪ፣ የትኛው መላኪያ እንደሆነ ለይታ ካወቀች በኋላ ነው ባንክ መቀየር አለመቀየሯን የምትወስነው።

ለየብቻ በቀጥታ ይላኩ ወይ ላሉት፣ እኔ አይላኩ ነው የምለው። ኢትዮጵያ ሴፓ ውስጥ የለችም፣ አይባንም አንጠቀምም። በባንክ የሚመጣው ገንዘብ ስዊፍት በሚባለው የዓለም ባንኮች መረብ በኩል ነው፤ መሐል ላይ ሌላ ባንክ ይገባል፣ እሱም የራሱን ያነሳል። ክፍያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ ሐዋላ ነው፤ ሦስቱ ለየብቻ ከላኩ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። ወንድማቸው ጋ ማጠራቀማቸው ጥሩ ዘዴ ነው፣ ከመንገዱ ላይ ያ 18 ዩሮ ይነሳ እንጂ። እንዲያውም መድኃኒቱ የሁለት ወር አብሮ የሚገዛ ከሆነ በሁለት ወር አንዴ ይላክ። ወንድማቸው ሲልክ ክፍያው በማን ላይ እንደሆነ ይጠይቅ፤ «ሻ» ከተባለ ላኪና ተቀባይ ይካፈሉታል፣ «አወር» ከሆነ ላኪው ብቻ ይከፍለዋል። እዚህ ደግሞ እርስዎ ወደ ባንክ ከመሄድዎ በፊት የልጅ ልጅዎ የሁለት ሦስት ባንክ የዕለት ምንዛሪ በስልኳ ትይልዎት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ ዋጋውን ራሱ ስለሚያወጣ ይለያያል፣ ለ600 ዩሮ የአንድ ብር ልዩነት 600 ብር ነው።

የለንደኗ የእህትዎ ልጅ ከሁሉም በላይ ትጠንቀቅ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ብትወጣም ሴፓ ውስጥ አለች፣ ስለዚህ ዩሮ ወደ ፍራንክፈርት በዚያው መንገድ መላክ ትችላለች። የእኩል ክፍያው ሕግ ግን እሷን አይሸፍናትም፣ ባንኳ የፈለገውን ሊያስከፍላት ይችላል፤ ፓውንዱም መመንዘር አለበት። መጀመሪያ 10 ፓውንድ ልካ ስንት ዩሮ እንደደረሰ የፍራንክፈርቱን ልጅዎን ትጠይቀው፣ ከዚያ ዋናውን ትላክ።