ቀልቤን የት ልፈልገው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው «ቀልብሽን ሰብስቢ» የሚል ቃል ነው። ደብረ ብርሃን ሳለን እናቴ ወፍጮ ቤት ትልከኛለች። እህሉን አስፈጭቼ፣ ዱቄቱን እዚያው ትቼ ባዶ እጄን ቤት የገባሁበት ቀን አለ። አስተማሪዎቼ «ጎበዝ ናት፣ ግን ሐሳቧ ይሸሻል» ይሉ ነበር። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል አስጠምቃኛለች።

አሁንም ያው ነኝ። ሽሮ ጥጄ ልብስ ላጥፍ እገባለሁ። የሚመልሰኝ የማረር ሽታው ነው። በዚህ ዓመት ብቻ 3 ድስት አሳርሬ ጥያለሁ። ገንዘቡ እያለ የመብራት ካርድ ሳላስሞላ ቀርቼ በጨለማ ያደርንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እቁብ ሁለት ጊዜ ቀን አሳልፌ ዳኛው አስጠንቅቆኛል። ማስተርሴን ጀምሬ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ከቆምኩ 4 ዓመት ሆነኝ።

አንድ ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። ሰኔ ላይ በጀት ሊዘጋ ሲል ሰው ሁሉ ይጨነቃል። እኔ ግን ያኔ ነው የምነቃው። እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ የሌላውን ስህተት ሳይቀር አወጣለሁ። በሌላው ወር ደግሞ አንዲት ደብዳቤ 3 ቀን ትፈጅብኛለች። አለቃዬ «ስትፈልጊ ትችያለሽ» ይለኛል። ይሄ ቃል ነው የሚያመኝ። እፈልጋለሁ እኮ!

ባለፈው ወር የ8 ዓመት ልጄን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት አለን። ሐኪሙ ስለ ልጁ ሲጠይቅ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ስለ እኔ የተጠየቀ መሰለኝ። ባለቤቴም ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ይሄ ነገር አዋቂ ላይ አለ? ወይስ ለስንፍናዬ ስም እየፈለግኩለት ነው? ለልጁ የታዘዘውን መድኃኒት ብሞክረውስ?

ቀልቤ የጠፋብኝ፣ ከጎተራ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። የልጅሽን መድኃኒት አትንኪ። ለእሱ ተለክቶ የታዘዘ ነው። ለኤዲኤችዲ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ ከመታዘዙ በፊት ግፊት ይለካል፣ የልብ ሕመም መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል፣ እርግዝናም ይጣራል። አንቺ ስትወስጂበት ደግሞ ልጁ ይጎድልበታል። ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዎ፣ አዋቂ ላይ አለ። በልጅነት ይጀምርና ብዙዎች ላይ እስከ ጉልምስና፣ ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ይሄን የምነግርሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። 22 ዓመት በአእምሮ ጤና ነርስነት ሠርቻለሁ። የራሴን ያወቅኩት ግን በ44 ዓመቴ ነው።

እናቴ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። ወራት የጠበቀችው ቀጠሮ ነው። የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ረሳሁት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር ላይ ወንበር አስወጥታ፣ ከጠዋት እስከ 6 ሰዓት ስትጠብቀኝ ዋለች። እናቴን ሳልወዳት ቀርቼ ነው? ያን ቀን ለራሴ ያወጣሁትን ስም እዚህ አልጽፈውም። አንቺ በደብዳቤሽ መጨረሻ «ስንፍናዬ» ብለሽ የጻፍሽው ከእሱ ይሻላል፤ ግን እሱንም አልወደድኩልሽም።

«ስትፈልጊ ትችያለሽ» ወዳለሽ አለቃሽ ልምጣ። ያየው ነገር ልክ ነው። የተረጎመው ግን በስህተት ነው። አንቺ ትኩረት አጥተሽ አይደለም። ሰኔ ላይ ከማንም በላይ አለሽ። የላላው ትኩረትሽን ወደፈለግሽው የምታዞሪበት መሪ ነው። ነገሩ በጣም ሲያጓጓሽ ወይም ቀኑ አንገትሽ ላይ ሲደርስ መሪው ይይዛል። ነገሩ ጠቃሚ ግን ተራ ሲሆን፣ እንደ መብራት ካርዱ፣ አይይዝም። ኤዲኤችዲ አእምሮ ሥራ የሚጀምርበትን፣ ሐሳብ ይዞ የሚቆይበትንና ጊዜ የሚለካበትን አሠራር የሚነካ ችግር ነው። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገርም እዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ ያርፋል። አንቺ ግን ያችን ደብዳቤ ባልጻፍሽባቸው 3 ቀናት እያሰብሻት ስትቃጠይ ነው የከረምሽው። አላረፍሽም። ይሄን የማውቀው እኔም ስላላረፍኩ ነው።

ለምን እስከ 36 ዓመትሽ አልታወቀም? አንዱ ምክንያት ጸጥ ያልሽ ልጅ መሆንሽ ይመስለኛል። ወንበር ላይ የሚዘልና የሚሮጥ ልጅ ቶሎ ይታያል። መስኮት እያየች በሐሳብ የምትሄድ ሴት ልጅ ግን ማንንም አትረብሽም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በመመሪያው «የትኩረት ማነስ» ብሎ፣ መቅበጥበጥ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አንቺ ያኔ ደብረ ብርሃን የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ነበርሽ። አስተማሪዎችሽ ያዩትን ተናግረዋል። ማን ዘንድ ይላኩሽ? እናትሽም ባላት መንገድ መድኃኒት ፈልጋልሻለች። ጸበሉን ተዪ አልልሽም። ሐኪሙም ይታከልበት ነው የምልሽ።

ግን እኔ በደብዳቤ «አለብሽ» ልልሽ አልችልም። ሐኪም የሚመረምረው እንዲህ ነው። ለአዋቂ ከ9 የትኩረት ማነስ ምልክቶች፣ ወይም ከ9 የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች፣ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው። ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸው ይጠየቃል። ቤት ብቻ ወይም ሥራ ቦታ ብቻ ከሆነም አይበቃም። ይሄን በደምም በራስ ቅል ፎቶም ማየት አይቻልም። ሆኖም የደም ምርመራ ቢያዝልሽ አትገረሚ። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስ ሰውን ያፈዝዛሉ። ድባቴ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም እንደዚሁ። «እንቅልፍ የለኝም» ያልሽኝን ለእሱም ንገሪው፤ እንዳትዘልዪው።

የት ልሂድ ካልሽ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሽው። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አማኑኤልም አለልሽ። «አማኑኤል ገባች» መባልን ፈርተሽ እንዳትቀሪ። እኔ ስንቱን ታካሚ አይዞሽ ስል ኖሬ፣ ለራሴ ካርድ ያወጣሁ ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ የሌላ ሰው ምስክርነት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ያን ቀን ዞር ብሎ ያየሽ እሱ ነው፤ ገብቶታል ማለት ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ለራስሽ ቃል መግባት አቁሚ። «ከነገ ጀምሮ አልረሳም» ብለሽ ስንት ጊዜ ማልሽ? ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ወደ ውጭ አውጪው፤ እጅሽ የሚነካው፣ ዓይንሽ የሚያየው ነገር አድርጊው። ሽሮ የጣድሽ እንደሆነ ማማሰያውን ሳትለቂ ከወጥ ቤት ውጪ። ማማሰያ ይዘሽ ልብስ ማጠፍ አትችይም። እጅሽ ይነግርሻል። እኔ ይሄን ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፤ እንግዳ ፊት እንኳ ይዤው እቀመጣለሁ። የመብራት ካርዱን ደመወዝ በወጣበት ቀን ወደ ቤት ሳትገቢ አስሞዪ። ቤት ከገባሽ አለቀ። እቁቡን ደግሞ ከአባላቱ ለምታምኚያት ሴት የሦስት ወሩን አስቀድመሽ ስጫት።

መመረቂያ ጽሑፉ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ለእሱ ሰው ያስፈልግሻል። የሚረዳሽ ሰው ማለቴ አይደለም፤ አብሮሽ የሚቀመጥ እንጂ። ምስር ለቀማ አስቢ። ብቻሽን ስትሆኚ ግማሹን ሳትለቅሚ ትተሽ ትነሻለሽ። ጎረቤት መጥታ የራሷን ሰፌድ ይዛ ከጎንሽ ስትቀመጥ ግን ወሬው ሳያልቅ ምስሩ ያልቃል። እናቶቻችን ያውቁበት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ጓደኛሽ የራሷን ሥራ ይዛ ትምጣና ለ2 ሰዓት ያህል አጠገብሽ ትሁን። መጀመሪያ ቀን ፋይሉን ብቻ ብትከፍቺም ይበቃል።

ሌሊት ለመሥራት ብለሽ ጫት እንዳትጀምሪ። አንዳንዶች ለጊዜው ያነቃኛል ይላሉ። የሚያነቃ ነገር ስላለው እውነት ነው። ግን እንቅልፍሽን ይወስደዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ትኩረት ደግሞ ጭራሽ አይሰበሰብም።

ምርመራው ኤዲኤችዲ ካለሽ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል። ሜቲልፌኒዴት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። የማይስማማቸው ሰዎች እንደ አቶሞክሴቲን ያለ ሌላ ይሰጣቸዋል። ከመድኃኒቱ ጋር የምክር ሕክምናም ይረዳል። እኔ መድኃኒቱን እወስዳለሁ። ድስቱን አይጠብቅልኝም። መጣዴን ግን አስታውሳለሁ፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ልጅሽ አንድ ነገር ልጨምር። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በዘር የመተላለፍ ድርሻው ከ70 እስከ 80 በመቶ እንደሆነ ያሳያሉ። ልጃቸው ሲመረመር ራሳቸውን የሚያገኙ ወላጆች ብዙ ናቸው። «እኔ ነኝ ያወረስኩት» ብለሽ እንዳታለቅሺ። ስትረሺ እያየሽ፣ ማማሰያ ይዘሽ ስትዞሪም እያየሽ ይደግ። ለምን እንደምትይዢው ሲጠይቅሽ ንገሪው። ስምንት ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል።

አሁን ስልክሽን አንሺና ለእናትሽ ደውዪ። ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ሳይሆን፣ አሁኑኑ። የ4ኛና የ5ኛ ክፍል የውጤት ካርድሽ ሳጥን ውስጥ ካለ ትፈልግልሽ። ሐኪሙ ልጅነትሽን ሲጠይቅሽ ከእሱ የተሻለ ምስክር አታገኚም። ያስቀረሁባት ቀዶ ሕክምና ከ3 ወር በኋላ ተሠራላት። ዓይኗ ሲከፈትላት እናቴ የእኔን ካርድ ከሣጥኑ ሥር ራሷ አውጥታ፣ ራሷ አነበበችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። «ትችላለች። መስኮት አጠገብ አትቀመጥ» ይላል።