ድንጋዩ 9900 ይላል፣ ባትሪው 45 ደቂቃ አይሞላም

ከደብረ ብርሃን የጻፈልኝ ጠያቂ ትንሽ ሱቅ አለው። መብራት ሲጠፋ የሚያበራበት ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ ነበረው። አዲስ እያለ በሙሉ ብርሃኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይለት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም «9900 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል ቀይ ድንጋይ ገዛ። አሁን 45 ደቂቃ ሳይሞላ ይደበዝዛል። ጠጋኝ ጋ ወሰደው። ጠጋኙ የቻርጅ ቦርዱን ቀየረ፣ ሽቦዎቹንም ድንጋዩ ላይ በካውያ ለጠፋቸው። ለውጥ የለም፤ ጭራሽ ቻርጅ ሲደረግ እጅ ያቃጥላል። «ጋሼ፣ ቦርዱን እንደገና ላስቀይር ወይስ ባትሪውን ልጣለው?» ይላል።

ሁለቱንም አታድርግ ወንድሜ። አምፖሉም ደህና ነው፣ ቦርዱም ደህና ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱ ድንጋዩ ጋ ነው። ደብዳቤህን ሳነብ 9900 ላይ ስደርስ ነው የገባኝ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ዛሬ ማታ ሰክተኸው እንዳትተኛ። አመላችንን አውቀዋለሁ። መብራት ይጠፋል፣ «ሌሊት ሲመጣ ይሞላል» ብለን ሶኬት ላይ ትተነው እንተኛለን። በዚህ ድንጋይ ይህን አታድርግ።

አሁን ስለ ቁጥሩ ላውራ፣ ትንሽ ታገሰኝ። ይህ ድንጋይ 18650 ይባላል። 18 በሚሊሜትር ወርዱ ነው፣ 65 ቁመቱ፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ደግሞ ክብ ቱቦ ነው ማለት ናት። ስሙ ራሱ ልኩ ነው። ከዚያ ቱቦ ውስጥ አንቱ የተባሉት ፋብሪካዎች የሚያስገቡት ቢበዛ 3500 ገደማ ነው። እንግዲህ 9900 ብሎ መጻፍ የ20 ሊትር ጀሪካን ላይ «60 ሊትር» ብሎ መጻፍ ነው። ጀሪካኑ አላደገም፣ ያደገው ጽሑፉ ነው። 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት ደግሞ 1 አምፒር ለአንድ ሰዓት ማለት ነው። ያንተ ባትሪ በሙሉ ብርሃኑ 1 አምፒር ይስባል እንበል። 9900 እውነት ቢሆን ከምሽቱ አንድ ሰዓት የበራ እስከ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ባበራ ነበር። አንተ ያገኘኸው 45 ደቂቃ ነው፤ ያ 750 መሆኑ ነው። መለኪያ መግዛት ሳያስፈልግህ በሱቅህ ሰዓት ለካኸው። የድሮው ሁለት ሰዓት የቆየው 2000 ገደማ ስለነበረ ነው።

ውስጡ ምን አለ? አንዳንዱ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ድንጋይ ነው፤ አዲስ ላስቲክ አልብሰው ይሸጡታል። አንዳንዱ ደግሞ ከቆርቆሮው የሚያንስ ድንጋይ ተሸጉጦበት የቀረው ቦታ በዱቄት ይሞላል። ለማየት ብለህ እንዳትቀደው።

ይልቅ ወርቅ ቤት ጎራ በልና አስመዝነው። ጤነኛ 18650 ከ43 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ 30 ግራም ካሳየህ ነገሩ አለቀ። ከላፕቶፕ የወጣውን አሮጌ ግን ሚዛን አያጋልጠውም። እሱን ሞልተህ አውጣው፣ በቴስተር ለካው፣ 4.2 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሳትነካው አሳድረህ ድገመው። ከ4 በታች ወርዶ ካገኘኸው አይጠቅምህም።

ሙቀቱስ? እሱን ያመጣው ጠጋኝህ ነው። እነዚያ ጣት የሚያክሉ ሰማያዊ ቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ 1 አምፒር እንዲሰጡ ተደርገው ነው። ለ2000 ድንጋይ ችግር የለውም። ለ750 ድንጋይ ግን ሕፃንን በማንካ ፋንታ በጭልፋ ማጉረስ ነው። ድንጋዩ ሲቀየር ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ካላመንከው ቦርዱ ላይ የቻርጁን መጠን የምትወስነውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ2 ኪሎ ኦም ቀይር፤ ወደ 580 ሚሊአምፒር ይወርዳል። ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይግልም።

ካውያውን ግን ይቅር አልለውም። የዚህ ድንጋይ ገላው በሙሉ ነጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩን የሚለየው አናቱ ላይ ያለች ቀጭን ፕላስቲክ ናት። ካውያ አናቱ ላይ አስደግፈህ ስትቆይ እሷ ትቀልጣለች። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ራሱን ሾርት ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የጠቆረ ጠረጴዛ እኔም ቤት አለ። ስፕሪንግ ያለው ማቀፊያ ግዛ፣ ሽቦውን እሱ ላይ በየድ፣ ድንጋዩን ግን እሳት አይንካው። ዋጋው ውድ አይደለም፣ ጠጋኞቻችን ግን አይገዙትም።

ስትገዛ 2200 ወይም 2600 የሚለውን ፈልግ። ሻጩ «9900 እያለልህ ለምን 2200?» ብሎ ይስቅብሃል። ይሳቅ። የሚዛን ነገር አንሳበት፣ ፊቱ ሲለወጥ ታያለህ። ከላፕቶፕ የወጣ ከሆነም አልቃወምም፣ ግን ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን በነጻም አትቀበል።

በነገራችን ላይ የፓወር ባንክ ቁጥር ሌላ ነው። 10000 የሚለው ስልክህን 6000 ገደማ ቢያጠጣው ሌብነት አይደለም፤ ቁጥሩ የተቆጠረው በ3.7 ቮልት ነው፣ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት። 1500 ብቻ ከሰጠህ ያኔ ተጣላ።

አዲሱን ስትሞላ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከካርቶን ራቅ አድርገህ፣ አንተም ሱቁ ውስጥ ሆነህ ይሁን። ሰክቶ መተኛት የለም፣ አዲስም ቢሆን። ቀዩን ድንጋይ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍንና ቆሻሻ ከሚቃጠልበት አርቀው። መጀመሪያ ግን አስመዝነውና ግራሙን ጻፍልኝ፤ እኔ 32 ነው ብዬ ተወራርጃለሁ።