ስልክም ላፕቶፕም እያለ ታብሌት?

ወንድሜ፣ «ስልክና ላፕቶፕ አለኝ፤ ታብሌት ልጨምር ወይስ ብር ማባከን ነው?» ላልከው፦ ብዙ ፒዲኤፍ የማታነብ ከሆነ ይቅርብህ። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ስማር ነው የገዛሁት። በስልክ የኤ4 ገጽ ሳነብ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ ግራ ቀኝ ስጎትት ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። በ10 ኢንች ታብሌት ገጹ ሙሉውን ይታያል። መብራት ሲጠፋም ያረጀው ላፕቶፔ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፤ ታብሌቱ ግን ያመሸኛል። ረጅም ጽሑፍ ለመጻፍ ግን አትመካበት። ኪቦርድ ሲጨመርበት ዋጋው ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል።

ፒያሳ ያገለገለ ካገኘህ፣ ሳትከፍል በፊት የድሮው ባለቤት አካውንቱን ማውጣቱን እይ። እኔ ሳላይ ገዛሁ። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስጀምረው (ሪሴት) ስል የማላውቀውን ሰው ኢሜይል ጠየቀኝ። ሻጩን እስካገኘው ሁለት ሳምንት የሻይ ትሪ ሆኖ ከረመ።