የሚጥል ሕመምና ፒቲኤስዲ አብረው ሲኖሩ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕስ የሚጥል ሕመም እያለበት፣ ከጦርነት፣ ከመኪና አደጋ ወይም ከጥቃት በኋላ የሚመጣው፣ ያለፈው ነገር በትዝታና በቅዠት እየተመለሰ የሚያስጨንቅበት ሕመም፣ ማለትም ፒቲኤስዲ የተጨመረበት ሰው ነው። መላሹ የምታውቋቸው ጋሽ ፋርማሲ ናቸው። ስም አትጻፉ፤ ሰፈር ይበቃል።

ጋሽ ፋርማሲ፦ ሦስት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ስትጠይቁ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድና ዕድሜን ጻፉ፤ «ነጯ ኪኒን» የምትባል መድኃኒት የለችም። ሦስተኛው ደግሞ የዘወትር ነው፦ የሚጥል ሕመም ኪኒን በድንገት አይቋረጥም።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። ለሚጥለው ካርባማዜፒን 200 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳል። አሁን የአእምሮ ሐኪም ለፒቲኤስዲ ሰርትራሊን 50 አዘዘለት። ወረቀቱ ላይ «የሚጥል ሕመም ካለ ይጠንቀቁ» ስለሚል ፈርተን አልጀመርንም።

ጋሽ ፋርማሲ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ያ ማስጠንቀቂያ በዚህ ወገን፣ ማለትም በድብርትና ጭንቀት መድኃኒቶች ወረቀት ላይ ሁሉ አለ። ሰርትራሊን በተለመደው መጠን ሕመሙን እንደማያባብስ የታወቀ ነው፤ ይልቅስ ያልታከመ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ነው ደጋግሞ የሚጥለው። ከዚህ ወገን ለሚጥል ሕመምተኛ የሚያሰጉት ቡፕሮፒዮንና ክሎሚፕራሚን ናቸው።

ግን ከካርባማዜፒን ጋር ሲሆን ሁለት ጉዳይ አለ። አንደኛ፣ ካርባማዜፒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል። ስለዚህ 50 ሚሊግራም የተሰጠው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። «አልሠራልኝም» ብሎ ከመጣል ሐኪሙ መጠኑን ይይ፤ ያም በአሥረኛው ቀን ሳይሆን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። ሁለተኛው የሚረሳው ነው፦ ሁለቱም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ። ሶዲየም ሲወርድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ይመጣል፤ በጣም ሲወርድ ራሱ ይጥላል። ከዚያ ቤተሰብ «የጭንቀቱ ኪኒን በሽታውን ቀሰቀሰበት» ይላል። ሰርትራሊን ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ የኤሌክትሮላይት (ሶዲየምና መሰል የደም ጨዎች) ምርመራ ይሠራለት። ዕድሜው ከ60 በላይ ለሆነ ወይም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለሚወስድ ሰው ይህ ግዴታ ነው እላለሁ።

አጀማመሩ ለፒቲኤስዲ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊግራም ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ 50 ነው። በ50 ታዞለት ከሆነ በ25 መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። በመጀመሪያው ሳምንት መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ስለሚችል ጠዋት ይውሰደው። እንቅልፍ ካጣ ደግሞ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ያን ሳምንት አምሽቶ መቀመጥ የለም።

ሌላ ሰው ከመጠየቁ በፊት ልጨምር፦ ከሰርትራሊን ወገን የሆነው ፍሉኦክሴቲን ፌኒቶይን ከሚባለው የሚጥል ሕመም መድኃኒት ጋር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ፍሉኦክሴቲን ፌኒቶይን ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል። ምልክቱ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ የዓይን መንቀጥቀጥ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ነው። ይህን ያየ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው። ነርቭ ክፍል ሌላ ካርድ፣ አእምሮ ክፍል ሌላ ካርድ ታወጣላችሁ፤ አንዱ ሌላው ያዘዘውን አያይም። በአንድ ወረቀት ላይ የሁሉንም መድኃኒት ስም፣ ሚሊግራም፣ ሰዓትና የተጀመረበትን ቀን ጻፉ። ከሐኪሙ ፊት እንደተቀመጣችሁ መጀመሪያ ያንን አውጡ። የራስ ምታቱም፣ የጨጓራውም፣ የወሊድ መከላከያውም ይጻፍ።

ልደታ፦ ለሚጥል በሽታ ምን ጥሩ ነው?

ጋሽ ፋርማሲ፦ ከላይ የጻፍኩትን ያንብቡ፣ ከዚያ ይጠይቁ።

ካሳንቺስ፦ ሲጥላትና ያለፈው ነገር ሲመጣባት እንዴት ለይተን እንወቅ? አንዳንዴ ዓይኗ ይፈዛል፣ አንዳንዴ ትጮኻለች፣ አንዳንዴ መሬት ትወድቃለች።

ጋሽ ፋርማሲ፦ ሦስት ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ከአንጎል የጎን ክፍል የሚነሳ የሚጥል ሕመም በድንገተኛ ፍርሃት ሊጀምር ይችላል። ያለ ምክንያት ይመጣል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። ከንፈር ማላመጥ፣ ልብስ መነካካት አለው፤ ቢጠሯት አትመልስም፣ በኋላም አታስታውሰውም። የፒቲኤስዲው ትዝታ ግን ቀስቃሽ አለው፦ ድምፅ፣ ሽታ፣ ዩኒፎርም። ይዘቱ ከደረሰባት ነገር ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ በስሟ እየጠሩ «አሁን ካሳንቺስ ነን፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው» ሲሏት ቀስ በቀስ ትመለሳለች።

ሦስተኛው የሚጥል የሚመስል ግን በአንጎል የኤሌክትሪክ መዛባት የማይመጣ መንቀጥቀጥ ነው፤ ከባድ ነገር ባለፈባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ዓይን ይጨፈናል፣ ራስ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ እየቆመ እየቀጠለ ከ2 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ማስመሰል አይደለም፤ ይህን ቃል እዚህ የሚጽፍ ሰው አልታገሥም። የሚታከመው በሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ የሚጥል ሕመም ኪኒን መጨመር አይፈውሰውም።

ሽንት ማምለጥ ብቻውን አይለይም፤ በሁለቱም ይኖራል። የምላስ ጎን መነከስ ወደ ሚጥል ሕመም ያመለክታል። ሌሊት ከሆነ ጠዋት የተነከሰ ምላስ፣ የጡንቻ ሕመም፣ እርጥብ አልጋ ፈልጉ፤ በቅዠት የባነነ ሰው ግን ያየውን ይናገራል። አንድ ጊዜ የተነሳ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ንጹሕ ሆነ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ከእኔ ሁሉ የሚሻለው የስልክ ቪዲዮ ነው። ፊቷና ሁለቱ እጆቿ በአንድ ላይ ይታዩ፣ ዓይኗ ክፍት ይሁን የተጨፈነ በድምፅ ተናገሩ፣ ከጀመረበት እስክትነቃ ቅረጹ። ለሐኪም ብቻ አሳዩ፤ ለዘመድ አትላኩ።

ተክለ ሃይማኖት፦ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ግን ይረዳል፤ አያቶቻችን ያለ ምክንያት አላደረጉትም።

ስድስት ኪሎ፦ ክብሪቱን ብታሸትትም ባታሸትትም በ2 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ራሱ ያቆማል፤ ለዚያ ነው የሠራ የሚመስለው።

ተክለ ሃይማኖት፦ እና ዝም ብለን እንይ? አረፋው ይጋባል ተብሎ ማንም እጁን አያስገባም።

ስድስት ኪሎ፦ አይጋባም! በስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነን?

ጋሽ ፋርማሲ፦ አይጋባም፤ ክብሪትም አይረዳም፣ ፊት ያቃጥላል። ማንኪያ አፍ ውስጥ አይገባም፣ ውሃ አይሰጥም። ሰዓት ያዙ። ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ ኮሌታውን ፍቱ፣ ከሰሉንና ጀበናውን አርቁ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ሁለተኛ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ጉዳት ከደረሰ 907 ወይም 939 ደውሉ።

ፒቲኤስዲ ላለበት ሰው አንድ የሚጨመር አለ፦ አትጫኑት። ሲነቃ ግራ ይጋባል፤ እጅና እግሩን አምስት ሰው ከያዘው በተለይ ተደብድቦ ወይም ተደፍሮ የሚያውቅ ሰው ለሕይወቱ ይታገላል፣ ሰው ይጎዳል፣ ከዚያ «ጋኔን ነው» ይባላል። አንድ ሰው ብቻ ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ በቀስታ ያናግረው። ከኋላ አትያዙ፤ ሌላው ሰው ይበተን። ቢነሳና መሄድ ቢጀምር ከመኪና መንገድና ከደረጃ ጋርዱት እንጂ አትጎትቱት።

ጎላ ሚካኤል፦ ጸበል የገባ ሰው ኪኒኑን ካልተወ እምነት የለውም ይባላል። እውነት ነው?

ፒያሳ፦ ማነው ያለው? እኔ የማውቃቸው አባት «ጸበሉንም መድኃኒቱንም» ነው የሚሉት።

ጎላ ሚካኤል፦ ሁሉም ጋ እንዲያ አይደለም።

ፒያሳ፦ እንግዲህ ሌላ ጸበል ፈልጉ።

ጋሽ ፋርማሲ፦ ክርክሩ ይብቃ። ጸበል ሂዱ፣ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲጠመቅ ጎኑ ሰው ይቁም፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብቻውን አይግባ። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል ሕመም ኪኒን ለዓመታት ሲወስድ ኖሮ በድንገት ያቆመ ሰው ሳያቋርጥ በተከታታይ ሊጥለው ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ጾምን በተመለከተም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፦ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት በ12 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ለረመዳን ፊጥርና ሱሑር ላይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። ፌኖባርቢታል ማታ አንዴ ስለሚወሰድ ለሁለቱም ጾም አያስቸግርም።

ሜክሲኮ፦ ሌሊት ቅዠቱ ስለሚያስነሳኝ ጎረቤቴ ዳያዜፓም 5 ሰጠችኝ፣ ጥሩ አስተኛኝ። ልቀጥልበት? ለሚጥለው ሌቬቲራሴታም 500 ሁለቴ እወስዳለሁ፣ 34 ዓመቴ ነው።

ጋሽ ፋርማሲ፦ አይ። ዳያዜፓም ለፒቲኤስዲ አይመከርም፤ ትዝታውን አያክምም፣ ሱስ ያስይዛል፣ ለሳምንታት ወስደህ በድንገት ስታቆም ይጥልሃል። ከአንድ ወር በላይ ወስደህ ከሆነ አሁን አትጣለው፤ ሐኪም በጥቂቱ እየቀነሰ ያውጣህ። የጎረቤት ኪኒን የሚባል ነገር ይቅር።

ደግሞ ሌቬቲራሴታም ነው የምትወስደው። ከጀመርክ ወዲህ ንዴት፣ ብስጭት፣ የሐዘን ስሜት ጨምሮብህ እንደሆነ ቤትህ ያሉትን ጠይቅ፤ አንተ ላታየው ትችላለህ። ይህ የታወቀ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ከፒቲኤስዲው መቆጣት ጋር ሲደመር ቤት ያፈርሳል። ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ አማኑኤል ወይም የቅርብህ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ላሞትሪጅን የሚባለው ሌላ የሚጥል ሕመም መድኃኒት ለስሜት የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ግን በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው ከፍ የሚለው። ቫልፕሮት (እሱም የሚጥል ሕመም መድኃኒት ነው) የሚወስድ ሰው ደግሞ በ25 አንድ ቀን እየዘለለ ይጀምራል፤ ያለዚያ ቆዳ የሚልጥ ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። መቀየሪያው የሐኪም ሥራ ነው።

አምባሳደር፦ ቡና ይከለከላል?

ጋሽ ፋርማሲ፦ ጠዋት አንድ ስኒ አይከለከልም። ከ10 ሰዓት በኋላ አቁሙ። ጫት ሌሊቱን ስለሚያሳድር ለሁለቱም ሕመም ጠላት ነው። አረቄ የሚጥለው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ፣ ስካሩ ሲወጣ ነው።

ለገሃር፦ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ተጠቅሜያለሁ፣ ካርባማዜፒን ነው የምወስደው።

ጋሽ ፋርማሲ፦ እህቴ፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የክንዱንም የአፉንም ያዳክማሉ፤ ልታረግዢ ትችያለሽ። ሉፕና የሦስት ወሩ መርፌ አይነኩም። በዚህ ሳምንት ሂጂ፣ እስከዚያ ኮንዶም። ቫልፕሮት የምትወስድ ሴት ካለች ጽንስ ስለሚጎዳ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታናግር፤ እሷም ብትሆን ኪኒኑን በራሷ አታቁም።

ቸርችል፦ የርችት ድምፅና የግንባታው ድሪል ያስደነግጠኛል። ይጥለኝ ይሆን?

ጋሽ ፋርማሲ፦ ድምፁ ራሱ የሚጥለው ጥቂት ሰው ነው፤ እንቅልፉን የሚነሳው ግን ብዙውን። የጆሮ መድፈኛ፣ በበዓል ዋዜማ ከዋናው አደባባይ ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ማደር። ቀሪው የሳይኮሎጂስት ሥራ ነው። የሚጥል ሕመም የፒቲኤስዲ የንግግር ሕክምናን አይከለክልም፤ በፍጥነትና በጥልቀት ተንፍሱ የሚል ልምምድ ግን አንዳንዱን ይጥላል፤ አስቀድማችሁ ንገሩ። ትንፋሽን ወደ ውጭ አርዝሞ ማውጣት ነው የሚሻለው።

ፒያሳ፦ ስድስት ወር አልጣለኝም። ማቆም እችላለሁ?

ጋሽ ፋርማሲ፦ አራተኛ ጊዜ ልጻፈው መሰለኝ። አይቋረጥም። ቢያንስ 2 ዓመት ምንም ሳይጥል ከቆየ በኋላ ከሐኪም ጋር ይመከራል፤ ያኔም ቀስ በቀስ በወራት ነው የሚቀነሰው።

ልደታ፦ ፌኖባርቢታል 100 ማታ አንዴ፣ 41 ዓመት። ይህን ወር መድኃኒት ቤቱ የለም አለኝ፣ አራት ቀን ቀርቶኛል።

ጋሽ ፋርማሲ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። አራት ቀን ዘግይቷል፤ ሁልጊዜ አሥር ቀን ሲቀር ነው ፍለጋ የሚጀመረው። ማዘዣውን ይዘህ ዛሬ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ዙር፤ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ አይሸጥልህም። ነገ ካላገኘህ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቅ፣ ያዘዘልህ ክሊኒክ ሄደህ ምትክ አስጽፍ። ያለህን በግማሽ እየቆረጥህ አታስረዝም። የ30 ሚሊግራሙ ብቻ ካለ ስንት እንደሚወሰድ ፋርማሲስቱ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይጻፍልህ፤ በራስህ አትደምር። እስክታገኝ ሰገነት ላይ አትተኛ፣ ባቡር ጣቢያ ከጠርዙ ራቅ በል፣ ገላህን ስትታጠብ በሩን አትቆልፍ፣ ምጣድ የሚያሰማ ሌላ ሰው ይሁን።

ልደታ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። የትኛው ከነማ ይሻላል?

ጋሽ ፋርማሲ፦ ደውለህ ጠይቅ። የሚቀጥለው።