ማንጎ ላይ ያነሳሽው ዝንብ

እህቴ፣ ሐዋሳ ከጓሮሽ ማንጎ ላይ አንስተሽ "ተርብ ነው ዝንብ? ዝርያውስ ምንድን ነው?" ብለሽ የጠየቅሽበትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ዝንብ ነው። ቀጭን ወገብና ቢጫ መልኩ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ተርብ ግን አራት ክንፍ ነው ያለው፣ ያንቺው ሁለት ብቻ።

የፍራፍሬ ዝንብ ሲሆን መጀመሪያ የማየው ክንፉን ነው። ያንቺው ክንፍ ጥርት ያለ ሆኖ ከፊት ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። የሜዲትራኒያን ፍራፍሬ ዝንብ ቢሆን ኖሮ ክንፉ ላይ ቡናማና ቢጫ ጥብጣብ ይታይበት ነበር፤ በዚያ ላይ እሱ አነስ ይላል። ያንቺው ጀርባው ጥቁር፣ ግራና ቀኙ ላይ ቢጫ መስመር፤ ሆዱ ላይ አንድ አግድም ጥቁር መስመር፣ ከእሱም መሃል ወደ ታች የወረደ ሌላ። ስለዚህ ባክትሮሴራ ከሚባለው የፍራፍሬ ዝንቦች ወገን ነው። ጫፏ ሾሎ የወጣው እንቁላል መጣያዋ ነው፤ ሴት ናት ማለት ነው።

ዝርያውን ግን ነፍሳትን ከፎቶ የሚለይ የስልክ አፕ ስለነገረሽ ብቻ አትመኚ። እኔም ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ትመስለኛለች እላለሁ እንጂ አልምልም። ይህች ዝንብ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ስትገኝ አዲስ ዝርያ ናት ተብላ በ2005 ኢንቫደንስ የሚል ስም ወጣላት፤ በ2015 ደግሞ የእስያዋ ዶርሳሊስ ራሷ ናት ተባለ። ናሙናው እጃቸው ላይ እያለ ባለሙያዎቹን ይህን ያህል ካከራከረ፣ ከአንድ የስልክ ፎቶ ምን ይጠበቃል?

ሌላ ካገኘሽ በብርጭቆ ያዣትና ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆያት፤ ትፈዝልሻለች። ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ አጠገቧ ማስመሪያ አኑሪ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከዚያ ክንፏን ዘርግተሽ አንሺ። ፍላሽ አትጠቀሚ፣ ገላዋ ያብለጨልጭና ቢጫው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥላ ያለበት የቀን ብርሃን ይበቃል።

ማንጎው ውስጥ ያለውን የዝንቧን ትል አንስተሽ ብትልኪ ብዙም አይረዳኝም፣ ትሎቹ ይመሳሰላሉ። ይልቅ ትል ያለበትን ማንጎ አሸዋ ያለው ባልዲ ውስጥ ጨምረሽ በሻሽ ሸፍኚው። ትሉ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንደወጣ ግን አታንሺው፣ ቀለሙ ገና ገርጣ ያለ ነው፤ ስኳር በጥብጠሽ እያበላሽ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂው።

ዛፉ ሥር የወደቀውን ማንጎ ግን ስሟ እስኪታወቅ አትተይው፤ ዛሬውኑ ለቅመሽ በጥቁር ፌስታል ጥብቅ አድርገሽ እሰሪና ፀሐይ ላይ አውዪው።