ልቦለድ ለምትንቁ ወጣቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ ለሥራዬ የሚጠቅመኝ መጽሐፍ ይጠቁሙኝ» አለኝ። ሲደክምህስ ምን ታነባለህ አልኩት። «ልቦለድ ከሆነ አልነካም፤ ጊዜ ማባከን ነው» አለ። ኮስተር ብሎ ነው ያለው። የሚያነበው የስኬት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም በስልኩ፣ ማጠቃለያውን። መልስ ሳልሰጠው ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የኢሉባቦሩ ዘበኛ መጡብኝ።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ገና ጀማሪ ቀያሽ ነበርኩ። ከጎሬ አለፍ ብሎ ያለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነን። የኢሉባቦር ዝናብ እንደ አዲስ አበባው ከሰዓት ወርዶ የሚያባራ አይደለም። በዚያ ነሐሴ መንገዱ ላይ ያፈሰስነው ገረገንቲ አፈር ታጥቦ ሄደ። ዶዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ስንቅ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና፣ ኤንትሬውም፣ ወንዙን መሻገር አቃተውና ወዲያ ማዶ ቀረ። ሥራ ቆመ። ካርታ ተጫወትን፣ ሰለቸን። ተጣላን፣ ታረቅን።

አንድ ቀን የዶዘሩ ኦፕሬተር ከፍራሹ ሥር መጽሐፍ አወጣ። ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። የስለላ ልቦለድ ነው። ማን እንደጻፈው፣ ርዕሱም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሐፉ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ፎርማኑ መላ ዘየደ። ስፌቱን በካራ ፈታና ቆራረሰው። አንዱ የጨረሰውን ቁራጭ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቶሎ የሚያነብ ሰው ከፊቱ ያለውን ሲለማመጥ ይውላል። አንዱማ ተንኮለኛ ነበር፤ ጨርሶም ቁራጩን ትራሱ ሥር ከቶ ይተኛበታል። ሲጋራ ካልሰጡት አይለቅም።

ማታ ማታ ማሾው ሥር ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ለዘበኛችን። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፣ የምስክር ወረቀትም አላቸው። «ግን መስመሩን ስጨርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል» ይሉ ነበር። ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጣሉ። ሰላዩ በር ሊከፍት ሲል «ተው! አትግባ!» ብለው ይጮሃሉ። ሴትዮዋን ገና ከመጀመሪያው አላመኗትም። «ይቺ ሴት ሳቅ ታበዛለች» አሉ። እኔ ቀን ቀን ቀድሜ ስለማነብ ከሃዲዋ እሷ መሆኗን አውቃለሁ። ከፊቴ ላይ እንዳያነቡብኝ አቀረቅራለሁ።

የመጨረሻው ቁራጭ ሲቀረን ዝናቡ ጋብ አለና መኪናው መጣ። ወዲያው ጭናችሁ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወሩ ተባልን። ቁራጩ ኦፕሬተሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሲነጋ ዘበኛው ወደ መኪናው ተጠግተው «ልጄ፣ ያ ሰውዬ አመለጠ ወይስ ያዙት?» አሉኝ። እኔም ገና አላነበብኩትም። «ስመለስ እነግርዎታለሁ» አልኩ። በዚያ መንገድ ዳግመኛ አልሄድኩም። ኦፕሬተሩን ከዓመታት በኋላ ለገሃር አግኝቼው መጨረሻውን ጠየቅኩት። «የምን ሰላይ?» አለኝ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ዘንድ እየሄድኩ ብዙ ፈልጌዋለሁ። ርዕስ የሌለው መጽሐፍ ምን ብሎ ይጠየቃል? «ጋሽ ሰላዩ መጡ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

እንግዲህ ጊዜ ማባከን ነው ለሚለው ልጅ ምን ልበለው? በእኛ ጊዜ ልቦለድ እንዲህ የሚናቅ ነገር አልነበረም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወዲያው ታገደና ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በዓመቱ ደብዛው ጠፋ። ሰው ግን መጽሐፉን በድብቅ ይዋዋሰው ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሁሉ በዛብህንና ሰብለን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። እናንተ ቴሌግራማችሁ ውስጥ ስንት ፒዲኤፍ ተከምሯል፤ አንዱን እንኳ አትከፍቱም። እርግጥ ያን ነሐሴ እኛም እጅ ላይ ስልክ ቢኖር ኖሮ ያቺን መጽሐፍ ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር?

ለማንኛውም ለልቦለድ አንድ ወር ስጡት። ክረምቱ ይሻላል፤ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። የጣማችሁን ልብ አንጠልጣይ አንሱ፤ ወንጀልም ይሁን ፍቅር ወይም ስለላ። ወፍራሙንና የተከበረውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ካልያዛችሁ ጣሉትና ሌላ ጀምሩ፤ ማንም አይፈትናችሁም። እርሳስ ይዛችሁ አታስምሩ። «ከዚህ ምን ተማርኩ» የሚል ጥያቄም አታምጡብኝ። ልቦለድ እንዲጠቅም ተብሎ አይነበብም።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር መሰለኝ፤ እኔን ጠቅሞኛል። የእኛ ሙያ ሪፖርት ይበዛዋል። ድልድዩ ለምን እንደዘገየ ለአለቃ ሲጻፍ አብዛኛው ሰው ከደብዳቤ ቁጥርና ከቀን ይጀምራል፤ አለቃው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። እኔ ከጎርፉ እጀምር ነበር፤ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ከየት እንደመጣ፣ ምን ይዞ እንደሄደ። እስከ መጨረሻው ይነበብልኛል። ይህን ያስተማረኝ ኮሌጅ አይደለም። ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳታነቡ፤ ያን ጊዜ ጣዕሙ ይጠፋል።

አንድ ነገር ላይ ምክር የለኝም። ባለቤቴ ልቦለድ ስትጀምር መጀመሪያ የምታነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። «ማን እንደሚሞት ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች። እኔ እጇ ላይ መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ፤ ሳላስበው መጨረሻውን ትነግረኛለች። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ እስካሁን የተረታ የለም።